ኮምፒውተሩን ለአንድ ሰዓት ቴፕ እናድርገው

ሰሞኑን በየቻናሉ ከሚነሱት ጉዳዮች አንጻር የዛሬው ጽሑፌ ቀሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ላፕቶፕ ሴቲንግ ነው፤ ያውም ድምፅ ለመቅረጽ ስለሚስተካከል ሴቲንግ። "ይሄ ለቴክኖሎጂ ቻናል አይሻልም ወይ?" የምትሉ እስከ መሃል ታገሱኝ። ነገሩ የገንዘብም የታሪክም ጉዳይ ነው ብዬ ስለማምን ነው እዚህ ያመጣሁት።

የገንዘቡን ላስቀድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ላፕቶፑ፣ ማይኩ፣ ሳውንድ ካርዱ፣ ሄድፎኑ ሁሉም ከውጭ የሚገባ ነው። ትናንት ተበድሮ ይገዛ የነበረ ዕቃ ዛሬ ተበድሮም አይደረስበትም። እንዲህ ባለ ጊዜ የቀረጻችሁት ድምፅ ጠቅ ጠቅ እያለ ቢያስቸግራችሁና ባለሙያ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ "ፎርማት እናድርገው"፣ ወይ "ማሽኑ አርጅቷል፣ ቀይረው"። ፎርማት የተደረገው ላፕቶፕ በሁለተኛው ሳምንት ያው ጠቅ ጠቅ ይላል። የተቀየረውም ላፕቶፕ፣ በገዛ ዓይኔ እንዳየሁት፣ ብዙ ጊዜ ያው ጠቅ ጠቅ ይላል። ምክንያቱም ጥፋቱ መጀመሪያውኑ የማሽኑ አልነበረም።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ በተሠሩት በነዚህ ብሎኮች ውስጥ ስንት ስቱዲዮ እንዳለ ከውጭ የሚያይ ሰው አይገምትም። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት፣ መስኮቱ በፍራሽ የተደፈነ መኝታ ቤት ካያችሁ እሱ ስቱዲዮ ነው። አንዱ መዝሙር ይቀርጻል፣ አንዷ ለዩቲዩብ ትረካ ታነባለች፣ አንዱ ለሱቆች ማስታወቂያ ይሠራል፣ ከላይ ፎቅ ያሉት ሁለት ጓደኛሞች ደግሞ ፖድካስት አላቸው። የከተማው ድምፅ ዛሬ የሚቀረጸው በትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ አይደለም። በእንደነዚህ ያሉ ክፍሎች፣ በሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ ነው።

እኔ ትምህርቱን ያገኘሁት በኪሳራ ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ልደታ። የልደታን የአውሮፕላን ሜዳ በልጅነታቸው የሚያስታውሱ ሰው ነበሩ። የዛሬ ልጆች "ኦልድ ኤርፖርት" የሚለው ስም ከየት እንደመጣ አይጠይቁም እንጂ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከዚሁ ከልደታ ነው። ሜዳው ለጄት ስላልበቃ ነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁሉም ነገር ወደ ቦሌ የሄደው። አዛውንቱ ያንን ሁሉ ከአጥር ውጭ ቆመው ያዩ ናቸው። አውሮፕላኑ ሞተር ሲያስነሳ ከብቶች እንዴት እንደሚደነብሩ፣ ልጆች ስንት ሰዓት ላይ ወደ አጥሩ እንደሚሮጡ፣ ማን ከየትኛው ቤት እንደሚወጣ ይናገሩ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት ማይኬን ይዤ ቤታቸው ገባሁ። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አወሩልኝ። መሃል ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ ላይ ስለነበር ሥራውን ቀጠለ፤ እኔም ደስ አለኝ። ሄድፎን አላደረግሁም ነበር፤ ትልቅ ሰው እያወራ ጆሮ ደፍኖ መቀመጥ ነውር መስሎኝ። ሲጨርሱ "ልጄ፣ ገብቷል?" አሉኝ። "ገብቷል ጋሼ" አልኳቸው።

አልገባም ነበር። ከ23ኛው ደቂቃ በኋላ ያለው ድምፅ ጥርሱ እንደረገፈ ማበጠሪያ ነው። በየሁለት ሦስት ቃሉ ጠቅ ይላል፣ ይዘላል፣ ስም ሊጠሩ ሲሉ ይቆረጣል። ስለ አውሮፕላን ሜዳው ያወሩት በሙሉ ከ23ኛው ደቂቃ በኋላ ነው። ዛሬ ነገ ስል፣ ተመልሼ ልቅረጽዎት ለማለት ሳፍር፣ በዓቢይ ጾም ላይ አረፉ።

ያን ቀን ምን እንደተበላሸ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ግን ሲረዱት እንደ ልደታ ውሃ ቀላል ነው። ባልዲ ቧንቧ ሥር አድርጋችሁ ታውቃላችሁ። ባልዲው ሲሞላ አንድ ሰው መጥቶ ወደ በርሜሉ መገልበጥ አለበት፤ ከዘገየ ውሃው ይፈሳል። ኮምፒውተርም ድምፅ ሲቀርጽ እንዲሁ ነው። ከማይኩ የሚመጣው ድምፅ በትንሽ ባልዲ ይጠራቀማል፤ ፕሮሰሰሩ በየጊዜው እየመጣ ይገለብጣል። ባልዲው "ባፈር" ይባላል። ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ ይዞት ከዘገየ ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል። የፈሰሰው ድምፅ ነው፤ ተመልሶ አይታፈስም። ያ ጠቅ የሚለው እሱ ነው።

የእኔ ባልዲ መጠኑ 64 ነበር። አንድ ቪዲዮ ላይ "ዝቅ ባለ ቁጥር ፈጣን ነው" ሲሉ ሰምቼ ነው ያደረግሁት። በሰከንድ 44,100 ናሙና ሲቀረጽ፣ ባፈሩ 64 ከሆነ ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 690 ጊዜ ያህል መምጣት አለበት ማለት ነው። ባፈሩ 1024 ቢሆን ኖሮ በሰከንድ 43 ጊዜ ብቻ በመጣ ነበር። ቻርጀር ላይ እያለ 690ውን እየተፍጨረጨረ ችሎታል። መብራት ሲሄድ ግን ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ቀነሰው። ሠራተኛው ደከመ፣ ባልዲው ግን ያው ትንሹ ባልዲ ነው። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ትንሽ ባልዲ ለምን ተፈጠረ? ለዘፋኝ ነው። አንድ ዘማሪ በሄድፎን ከበሮ እየሰማች የራሷንም ድምፅ በኮምፒውተሩ በኩል እየሰማች የምትቀረጽ ከሆነ፣ ባልዲው ትልቅ ሲሆን ድምፅዋ ዘግይቶ ይመለስላታል። 1024 ናሙና 23 ሚሊሰከንድ ነው። ሲገባም ሲወጣም ስለሚጠብቅ 46 ሚሊሰከንድ ገደማ ይሆናል። በዚህን ያህል ጊዜ ድምፅ በአየር ላይ 16 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዘማሪዋ እዚህ፣ ከበሮ መቺው ከቅጥሩ ማዶ እንደማለት ነው፤ በዚህ ሁኔታ ምት ጠብቆ መዘመር አይቻልም። ለእሷ ባፈሩ 128 ወይም 64 ይሁን፤ ከባድ ኢፌክቶች ደግሞ ቀረጻው እስኪያልቅ ይጥፉ። ብዙዎቹ ሳውንድ ካርዶች ደግሞ ድምፅን ወደ ኮምፒውተሩ ሳያስገቡ በቀጥታ ወደ ሄድፎን የሚመልሱበት ቁልፍ አላቸው። ያ ቁልፍ ካለ ባፈሩን ዝቅ ማድረግም ላያስፈልግ ይችላል። ለሚያወራ ሰው፣ ለትረካ፣ ለቃለ መጠይቅ ግን ማን ራሱን መስማት ፈለገ? 1024 ላይ አድርጋችሁ እርሱት። ይህችን አንዲት ቁጥር ባውቅ ኖሮ የአዛውንቱ ድምፅ ዛሬ ሙሉ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው የመብራት ጉዳይ ነው። በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ነጥብ በአንድ መስመር ያልፉታል፤ እነሱ ዘንድ መብራት ስለማይሄድ ነው። እኛ ጋ ዋናው ነጥብ ነው። ኮንትሮል ፓናል ገብታችሁ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ "ባላንስድ" ወይም "ፓወር ሴቨር" የሚል ከተመረጠ ወደ "ሃይ ፐርፎርማንስ" ቀይሩት። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ይህን ምርጫ ደብቀውታል፤ እነሱ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ "ፓወር ሞድ" የሚለውን "ቤስት ፐርፎርማንስ" ማድረግ ነው። ሰው ሁሉ የሚረሳው ደግሞ እዚያው ለቻርጀርና ለባትሪ ሁለት የተለያየ መስመር መኖሩን ነው። "ሚኒመም ፕሮሰሰር ስቴት" የሚለውን በሁለቱም መስመር 100 አድርጉት። "ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ" የሚለውን በሁለቱም አጥፉት፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሳውንድ ካርዳችሁ የተሰካበትን ቀዳዳ ሊያስተኛው ይሞክራል። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ይለቅ። ቀረጻው ሲያበቃ መመለስ ይቻላል። አንዳንድ ላፕቶፕ ምንም ብታደርጉት ባትሪ ላይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የእናንተ እንደዚያ መሆኑን የምታውቁት ባዶ ክፍል ውስጥ እየቀረጻችሁ ቻርጀሩን ሆን ብላችሁ ነቅላችሁ ስትሰሙት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ዋይፋይ ነው። የዋይፋይ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ለአፍታ ጠልፎ የመያዝ ባሕርይ አለው። ያቺ አፍታ ለፌስቡክ ምንም አይደለችም፤ ለ64 ባልዲ ግን ጎርፍ ናት። ቀረጻ ስትጀምሩ ዋይፋዩንም ብሉቱዙንም አጥፉ። በዚሁም ዊንዶውስ አፕዴት በመሃል ተነስቶ ዳታችሁን ከመብላት ይቆጠባል፤ ይህ ራሱን የቻለ ቁጠባ ነው። የቱ ድራይቨር እንደሚያስቸግር ለማወቅ "ሌተንሲሞን" የሚባል ፕሮግራም አለ። አሥር ደቂቃ ከፍታችሁ ብትተዉት ጥፋተኛውን በስሙ ይነግራችኋል። "ማሽኑ አርጅቷል" ከሚል ባለሙያ ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚነካው እነዚህን አይደለም። መጀመሪያ የሚነካው "አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ" የሚለውን ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት የሚታየውን ጥላና እንቅስቃሴ የሚያጠፋውን። ለምን? ለውጡ በዓይን ስለሚታይ። ኮምፒውተሩ ሲያስጠላ የተሻለ የሠራ ይመስለናል። ዛሬ ባሉ ማሽኖች ላይ ያ ለድምፅ የሚጠቅመው ኢምንት ነው። እዚያው አጠገቡ ያለው "ባክግራውንድ ሰርቪስስ" የሚለው ምርጫም ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተወረሰ ምክር ነው፤ ቢያደርጉት አይጎዳም፣ ተአምር ግን አይጠበቅ።

"ኤስኤስዲ ግዛ" የሚለውም እንዲሁ። ኤስኤስዲ ጥሩ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ትልልቅ የመሣሪያ ድምፆችም ቶሎ ይጫናሉ። ነገር ግን አንድ ማይክ በ24 ቢትና በ48,000 ሲቀረጽ በደቂቃ የሚይዘው 8.6 ሜጋባይት ገደማ ነው። ሃያ ማይክ በአንድ ጊዜ ብትቀርጹ እንኳ በሰከንድ ሦስት ሜጋባይት አይሞላም። ይህን ደህና የሆነ አሮጌ ሃርድ ዲስክም ይችለዋል። ድምፁ ጠቅ የሚለው በዲስኩ ምክንያት ነው ተብሎ የተሸጠለት ጎረቤት አለኝ፤ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነበር። ናሙናውን ወደ 96,000 ከፍ ማድረግም ለሰው ንግግር ሥራን እጥፍ ከማድረግ በቀር የሚጨምረው የለም። 48,000 ጆሮ ከሚሰማው በላይ ይበቃል።

ስለ ሙቀትም ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየራችን ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። በዚያ ላይ አቧራው። የላፕቶፑ ማራገቢያ ሲደፈን ፕሮሰሰሩ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሴቲንጉን የቱንም ያህል ብታስተካክሉ አይሰማችሁም። ከፍቶ ማጽዳት ፎርማት ከማድረግ ይበልጣል። ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መቅረጽ የሚሉት ነገር ደግሞ አለ፤ ያው ክፍሉ በሙሉ ፍራሽ ስለሆነ።

አንድ ነገር ሳስብ ይገርመኛል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ ቤታቸው ሆነው፣ በተራ የካሴት ቴፕ ራሳቸውን ቀድተው ነበር። እሳቸው በ2015 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ2016 ዓ.ም. እነዚያ ቅጂዎች ውጭ አገር ታትመው ዓለም ሰማቸው። ፒያኖና ድምፅ ነው፤ ከመስኮቱ ውጭ ያሉ ወፎች ሳይቀሩ ይሰማሉ። ድምፁ ሹክሹክ ይላል፣ ይሻክራል። ግን ሙሉ ነው፤ ምንም አልፈሰሰም። ከዚያ ቴፕ ጋር ሲነጻጸር የእኔ ላፕቶፕ በጉልበት አይገናኝም፤ ሆኖም ቴፑ የቻለውን እሱ አልቻለም። ቴፑ የነበረው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ መቅዳት። የእኔ ላፕቶፕ በዚያች ሰዓት ኢሜይል ይጠብቅ ነበር፣ ቫይረስ ይፈትሽ ነበር፣ ዋይፋይ ይፈልግ ነበር፣ ባትሪ ይቆጥብ ነበር፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ጋሼን ይቀርጽ ነበር። ሴቲንግ ማስተካከል የምለው እንግዲህ ይህን ነው። ኮምፒውተሩን ለአንድ ሰዓት ወደ ቴፕ መመለስ።

ቫይረስ ካልኩ አይቀር፣ ደስ የማይላችሁን ልናገር። እኛ ጋ ድምፅ የሚቀረጽበት ሶፍትዌር ባብዛኛው ክራክ ነው። ለክራኩ ሲባል አንቲቫይረሱ ይጠፋል፤ "ለፍጥነት ነው" እንላለን። ከዚያ ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ይመጣል። ፎልደር ሁሉ ሾርትካት የሚያደርገውን የፍላሽ ቫይረስ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ? ከጀርባ የሚሮጠው ያ ቆሻሻ ከየትኛውም ዋይፋይ የባሰ ፕሮሰሰር ይበላል። አንቲቫይረሱን ማጥፋት አያስፈልግም፤ የቀረጻውን ፎልደር ብቻ ከፍተሻ ውጭ ማድረግ ይቻላል። ሶፍትዌሩን በተመለከተ "ኦዳሲቲ" ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ አለ፤ ለንግግር ቀረጻ ከበቂ በላይ ነው። "ሪፐር" ስድሳ ቀን በነጻ ያስሞክራል፤ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። 60 ዶላር ቀላል አይደለም፣ የውጭ ክፍያውም ራሱ ጣጣ ነው። ግን ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር አወዳድሩት።

በእርግጥ አንዳንድ ማሽን በእውነት አርጅቷል። 4 ጊጋ ራም ባለው ላፕቶፕ ላይ ሙሉ ኦርኬስትራ የሚያህል የመሣሪያ ድምፅ ጭኖ ማቀናበር አይሆንም፤ በሴቲንግ አይፈታም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው አዲስ አትግዛ አልልም። የእኔ ክርክር ከሌላው ጋር ነው፤ አንድ ማይክ ሰክቶ የሰው ድምፅ ለሚቀርጸው፣ ቁጥሩም ለሚበዛው።

ለምን ይህን እዚህ አነሳሁት? የድምፅ ቅጂ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከብሎካችን ብዙም ሳይርቅ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት አለ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የምስክር ቃል በድምፅ ተቀርጾ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል፤ የሰው ነጻነትና ንብረት በዚያ ቅጂ ላይ ያርፋል። ሬዲዮውም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው የመመረቂያ ቃለ መጠይቁም፣ የአብነት መምህራንን ዜማ ለማስቀረት የሚዞረውም ሰው እንዲሁ በላፕቶፕ ነው የሚሠራው። መንግሥት አምስት ሚሊዮን ኮደር አሠለጥናለሁ ብሎ ተነስቷል፤ መልካም ነው። ግን ከአምስት ሚሊዮኑ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ያስፈልገናል። ባፈር ምን እንደሆነ፣ ለባትሪና ለቻርጀር ሁለት መስመር እንዳለ፣ ዋይፋይ ለምን እንደሚጠፋ የሚናገር አንድ ገጽ። ተግባረ ዕድን በመሰሉ የሙያ ተቋማት በግማሽ ቀን የሚያልቅ ትምህርት ነው። ላፕቶፕና ማይክ የሚሸጡ ሱቆችም ዕቃውን ከመስጠታቸው በፊት በአምስት ደቂቃ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ያደረገ ሱቅ ደንበኛ አያጣም።

የጋሼ ባለቤት አሉ። እሳቸውም የልደታ ልጅ ናቸው፤ የአውሮፕላን ሜዳውን ከሌላኛው በኩል ነው የሚያውቁት። ባለፈው ሳምንት ቡና ሲያፈሉ ሄጄ ጠየቅኋቸው። "እሱ የነገረህ አይበቃም?" አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው "እንግዲያስ ቅዳሜ ከሰዓት ና፤ ባቡሩ ሲያልፍ ግን ዝም እላለሁ" አሉ።

ላፕቶፑ ተጠርጓል። ባፈሩ 1024 ላይ ነው። ትናንት ማታ ባዶ ክፍል ውስጥ እየቀረጽኩ ቻርጀሩን ነቅዬ ሃያ ደቂቃ አቆየሁት፤ አንድም ጠቅ የለም። ሄድፎኑንም ይዤ እሄዳለሁ፤ ለምን ጆሮዬ ላይ እንደማደርገው አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።